ሳይዘጋጁ የተነሱ ሰዎች፦ የመጀመሪያው ዘመን የጎዳና ፎቶግራፍ እንዴት ይነበባል?

ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የጎዳና ፎቶግራፍ ሲያጋጥመን ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ባርኔጣው፣ ወደ ረጅሙ ቀሚስና ወደ ፈረስ ጋሪው ነው። ይህ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ምስሉን ማንበብ የሚፈልግ ሰው፣ ማለትም በውስጡ ያሉት ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን ሲኖሩ ተይዘው እንደሆነ ወይም ለካሜራው ብለው ቆመው እንደሆነ መለየት የሚሻ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ይህ ምስል ለመነሳት ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?

ከዚህ ጥያቄ ብዙ ነገር ይወጣል። ሌንሱ ለአምስት ደቂቃ ተከፍቶ ከቆየ፣ በምስሉ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ ሰው ወይ እንዳይነቃነቅ ተነግሮታል፣ ወይ ደግሞ በራሱ ጉዳይ አንድ ቦታ ረግቶ ቆሟል። የተከፈተው ለ1/50 ሰከንድ ከሆነ ግን ሰውዬው ሳቁን ሳይጨርስ፣ ያነሳውን እግር ሳያሳርፍ ሊያዝ ይችላል። በፎቶግራፍ የመጀመሪያ ሃምሳና ስድሳ ዓመታት ውስጥ ይህ ጊዜ ከብዙ ሰዓታት ወደ ሰከንድ ሽራፊ ወርዷል፤ ሰዎችን ሳይዘጋጁ የማንሳት ታሪክም በአመዛኙ የዚህ ጊዜ ማጠር ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜውን መገመት

አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ያዘጋጁ። ምስሉን የሚያዩት በኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ቤተ መዘክሩ ወይም ቤተ መዛግብቱ ያስቀመጠውን ትልቁን ቅጂ ይፈልጉ፤ ትንሹ ቅጂ የእንቅስቃሴን ብዥታ ስለሚደብቅ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ከዚያም የሰዎቹን ፊት ለጊዜው ይተዉና የሚንቀሳቀሱትን ነገሮች ብቻ ይመልከቱ፤ የፈረሶቹን ጭንቅላትና ጭራ፣ የዛፎቹን ቅጠል፣ ባንዲራውን፣ ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን ጭስ፣ የወንዙን ውኃ። ቅጠሉ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ውኃው እንደ መስታወት ለስልሶ ከታየ ሌንሱ ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች ተከፍቶ ቆይቷል ማለት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መማሪያ ከፎቶግራፍ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1838 በፓሪስ ከፍ ካለ መስኮት ሆኖ ያነሳው የቡሌቫር ዱ ታምፕል ምስል ነው። ቀን ነው፤ ጎዳናው ሰውና ጋሪ የሚበዛበት ጎዳና ነበር፤ በምስሉ ላይ ግን ባዶ ሆኖ ይታያል። ምስሉ የሚያርፍበት ሰሌዳ ለብዙ ደቂቃዎች ብርሃን ይቀበል ስለነበር፣ የሚያልፈው ሁሉ አሻራውን ሳይተው አልፏል። አንድ ሰው ብቻ በታችኛው የግራ ማዕዘን አካባቢ ቀርቷል፤ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ብዙዎች እንደሚያምኑት ጫማውን እያስጠረገ ነው። በዛሬው ዕውቀት፣ በፎቶግራፍ ላይ መታየታቸው ከታወቀ ሰዎች ሁሉ የቀደመው እርሱ ነው፤ መነሳቱንም ያወቀ አይመስልም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ሰዎች ለካሜራ መቆምን ከመልመዳቸው በፊት፣ የመጀመሪያው ሰው ማንም ሳያዘው በቆመበት የተያዘ ይመስላል፤ ለመታየት ያበቃውም አንድ ትንሽ የዕለት ጉዳይ ነው።

ከዚህ ምስል የሚገኘው ትምህርት እንዲህ ነው። ባዶ መንገድ ማለት ሰው የሌለበት መንገድ ማለት አይደለም። ከ1850ዎቹ አጋማሽ በፊት የተነሳ የከተማ ምስል ጭር ብሎ ሲታይ፣ ከተማው ጸጥተኛ ነበር ብሎ ከመጻፍ መቆጠብ ያስፈልጋል። ይልቁንም መንገዱን በማጉያው ስንመረምረው እንደ ጉም የሳሳ ጥላ፣ ከወገቡ በላይ የጠፋ ሰው፣ እግሩ ብቻ የቀረ ፈረስ እናገኛለን፤ እነዚህ ለጥቂት ጊዜ ቆመው የሄዱ ናቸው።

ጊዜው ከሰከንድ በታች ሲሆን ግምቱን በቁጥር ማገዝ ይቻላል። በዝግታም በችኮላም ሳይሆን በተለመደው እርምጃ የሚሄድ ሰው በሰከንድ 1.4 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ሌንሱ ለግማሽ ሰከንድ ከተከፈተ ሰውዬው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ማንነቱም በምስሉ ላይ አይለይም። ለ1/10 ሰከንድ ከሆነ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ለ1/50 ሰከንድ ከሆነ ደግሞ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የራሱን የጭንቅላቱን ስፋት እንደ መለኪያ ወስደን ብዥታው ከጭንቅላቱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብለን ማነጻጸር እንችላለን። እግሮቹ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይናገራሉ። ሰው ሲራመድ አንዱ እግሩ መሬት ላይ ሲያርፍ ለአፍታ ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ ሌላው ግን ከሰውነቱ በእጥፍ ያህል ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። ያረፈው እግር ጫማ ጥርት ብሎ ከታየና የተነሳው እግር እንደ ጭስ ከተበተነ፣ ሰውዬው በእውነት ሲራመድ ነበር፤ ሌንሱም የተከፈተው ለሰከንድ ሽራፊ ነው። ሁለቱም እግሮች እኩል ጥርት ብለው፣ የምስሉ ሌላ ክፍል ግን ረዘም ያለ ጊዜን የሚያመለክት ከሆነ፣ ሰውዬው የሚራመድ መስሎ ቆሟል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ወደ ካሜራው የሚመጣ ሰው ካሜራውን አቋርጦ ከሚያልፍ ሰው ያነሰ ይደበዝዛል፤ ሩቅ ያለውም ከቅርቡ ያነሰ ይደበዝዛል። የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በ1859 ኤድዋርድ አንተኒ በኒውዮርክ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልሰን በኤደንብራ የተጨናነቁ ጎዳናዎችን ሰውና ፈረስ ሳይጠፉ ማንሳት ሲችሉ፣ የረዳቸው ትንሽ ሰሌዳና አጭር ሌንስ ያለው፣ ሁለት ተመሳሳይ ምስሎችን ጎን ለጎን ለማንሳት የተሠራ ካሜራ ነበር። ካሜራውንም ከፍ ካለ ቦታ ላይ አድርገው በጎዳናው ርዝመት አነጣጠሩት። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሕይወት የሚንጸባረቅበት የጎዳና ምስል ሲያገኙ፣ የተነሳው ከላይና ከሩቅ ሆኖ፣ ሰዎቹም እንደ ጉንዳን ያነሱ ቢሆኑ አይገረሙ።

የተሠራበትን መንገድ ማወቅ

ምስሉን በእጃችን የያዝነው ከሆነ፣ ቁሱ ራሱ የጊዜውን ግምት ያጠብብልናል። ዳጌር ያስተዋወቀው ዳጌሮታይፕ በብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ሲሆን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ምስሉን ለማየት ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ ያስፈልጋል። ሰሌዳው ራሱ ካሜራ ውስጥ የገባው ስለሆነ ቅጂ የለውም። ግራና ቀኙም አብዛኛውን ጊዜ የተገለባበጠ ነው፤ የሱቅ ጽሑፍ ወይም የኮት ቁልፍ ካለ በዚያ ያረጋግጡ። ሰሌዳውን በጨርቅም ሆነ በጣት ፈጽሞ አይጥረጉ፤ ምስሉ ያለው በላዩ ላይ ባለ እጅግ ስስ ሽፋን ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተጠረገ አይመለስም። ከላይ የጠቀስኩት የቡሌቫር ሰሌዳ ራሱ ለማጽዳት ሲሞከር ክፉኛ ተጎድቷል፤ ዛሬ የምናውቀው ቀደም ብሎ ከተወሰዱለት ቅጂዎች ነው።

በ1841 ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ያስመዘገበው ካሎታይፕ የወረቀት ኔጌቲቭ ነበረው፤ ከእርሱ የሚታተመው ምስል በወረቀቱ ጭረት ምክንያት ለስለስ ያለ፣ ጠርዙ የደበዘዘ ነው። ከ1851 በኋላ ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር ያስተዋወቀው የእርጥብ ኮሎዲዮን (የሚያጣብቅ ፈሳሽ) ቅብ ያለው መስታወት መጣ፤ ከዚህ የሚታተመው ምስል አብዛኛውን ጊዜ በእንቁላል ነጭ በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ስለሆነ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ይይዛል፤ በካርቶን ላይም ተለጥፎ ይገኛል።

በእርጥቡ መስታወት ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ጎዳና ምስሎች ብዙ ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው መስታወቱን በኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ከትቶ፣ አንስቶና አጥቦ ለመጨረስ የነበረው ጊዜ በአማካይ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጎዳና ሲወጣ ከትልቁ ካሜራና ከባለሦስት እግር መቆሚያው በተጨማሪ የጨለማ ድንኳን ወይም ጋሪ፣ ጠርሙሶችና ውኃ ይዞ መውጣት ነበረበት። እንዲህ ያለ ሰው ከተማ መሐል ሲቆም ሕፃናት ይከቡታል፤ ሠራተኛው ሥራውን ያቆማል፤ ከመስኮት ሰው ብቅ ይላል። በኮሎዲዮን ዘመን ከቅርብ በተነሳ የጎዳና ምስል ላይ ማንም ወደ ካሜራው የማያይ ከሆነ፣ ሰዎቹ ሳያውቁ ተነሱ ከማለት ይልቅ እንዳያዩ ተነግሯቸዋል ማለት ይቀላል። በአንጻሩ ከኋላ በበር ላይ ቆሞ አፍጥጦ የሚመለከት ሰው ካለ፣ ብዙ ጊዜ በዚያ ምስል ላይ ከሁሉ ይበልጥ ሳይዘጋጅ የተያዘው እርሱ ነው። ዋናዎቹን ተነሺዎች ትተው ወደ ምስሉ ዳርቻ ይሂዱ።

ለውጡን ያመጣው በጄላቲን የተቀባው ደረቅ መስታወት ነው። ሪቻርድ ሊች ማዶክስ ሐሳቡን በ1871 አሳተመ፤ በ1878 ደግሞ ቻርልስ ቤኔት ጄላቲኑን በሙቀት አቆይቶ ለብርሃን ያለውን ስሜት እጅግ ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ከፋብሪካ ተገዝቶ ለወራት ይቀመጣል፤ ድንኳንም አያስፈልግም፤ ካሜራም በእጅ ይያዛል። በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ያወጣው ኮዳክ መቶ ምስል የሚይዝ ጥቅልል ይዞ በ25 የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ፤ ጥቅልሉ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ለእጥበት ወደ ፋብሪካው ይላክ ነበር። በ1900 የወጣው ብራውኒ ዋጋው 1 ዶላር ነበር። ክብ ሆኖ የታተመ፣ ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ምስል ካገኙ ከመጀመሪያዎቹ ኮዳኮች ሊሆን ይችላል፤ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ክብ ከሆነ ግን በኋላ ወደምገልጸው የተደበቀ ካሜራ ያመለክታል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። የቀድሞዎቹ ሰሌዳዎች ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ፣ ለቀይ ግን ዕውር ነበሩ። ስለዚህ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊ ዓይን የፈዘዘ ይመስላል፤ ቀይ ቀሚስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ስላየን ብቻ ሐዘን ላይ ናት ማለት አንችልም።

ሳይዘጋጁ የተነሱ የሚመስሉ፣ የተዘጋጁ ምስሎች

ሻርል ኔግር በ1851 ገደማ በፓሪስ፣ በሴን ወንዝ ዳር ባለው ኬ ቡርቦን ሦስት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች በመስመር ሲሄዱ የሚያሳይ ምስል አነሳ። እኔ ይህን ምስል ለዓመታት እንደ ተነጠቀ ቅጽበት አድርጌ አየው ነበር፤ ለሌሎችም እንዲሁ አድርጌ አስረድቻለሁ። አንድ ቀን ግን በትልቁ ቅጂ ላይ እግሮቻቸውን ስከተል፣ የሚንቀሳቀሰው እግርና ያረፈው እግር እኩል ረግተው አገኘኋቸው፤ ምስሉ የታተመውም ከወረቀት ኔጌቲቭ ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት፣ በዚያ ርቀት፣ ሦስት ሰው እየተራመደ እንዲህ ሊጠራ አይችልም። ጠራጊዎቹ በእርምጃ መሐል እንዳሉ ሆነው ቆመውለታል። ስህተቴ የመጣው ከመልካም ነገር ነበር፤ ምስሉ ስለተዋበልኝ ጥያቄውን ዘለልኩት።

እንዲህ ያለውን ለመለየት ከእግር ሌላ የምጠቀምባቸው ምልክቶች አሉ። በተዘጋጀ ምስል ላይ በሰዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ንጹሕ ነው፤ የአንዱ ክንድ የሌላውን ፊት አይጋርድም፤ ማንም በምስሉ ጠርዝ አይቆረጥም። በእውነት በተያዘ ምስል ላይ ግን ጀርባ አለ፣ ግማሽ ሰው አለ፣ ከአንዱ ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል ምሰሶ አለ። ተነሺው የተደገፈበትንም ነገር ይፈልጉ። ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ሮበርት አዳምሰን ከ1843 ጀምሮ በኤደንብራ አቅራቢያ በኒውሄቨን የነበሩትን ዓሣ አጥማጆችና ሚስቶቻቸውን በካሎታይፕ ሲያነሱ፣ ሥራው የሚሠራው በደማቅ ፀሐይ ከደጅ ነበር፤ ሰዎቹም እንዳይነቃነቁ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ክርናቸውን ቅርጫት ላይ ያደርጋሉ። ያንን የመሰለ የቀረቤታ ስሜት የምናገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ድጋፍ ነው። በስቱዲዮ ምስል ደግሞ ከቆመው ሰው ጫማ ኋላ የብረት እግር ብቅ ይላል፤ ይህ ጭንቅላትን ከኋላ ይዞ የሚያረጋጋ መቆሚያ ነው።

ይህን ሁሉ ስል የተዘጋጀ ምስል ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። የኒውሄቨን ሴቶች ልብስ የራሳቸው ነው፤ ቅርጫቱም የሥራቸው ነው፤ እጃቸው የደነደነው በሥራ ነው። ምስሉን ሠሪው ብቻውን አልሠራውም፤ ተነሺዎቹ ትንፋሻቸውን ይዘው አብረውት ሠርተዋል። ጆን ቶምሰን በ1877 እና በ1878 የለንደንን የጎዳና ነጋዴዎችና ድሆች ሲያነሳም ብዙዎቹን አነጋግሮና አቁሞ ነው፤ አዶልፍ ስሚዝ አብሮ የጻፈው ጽሑፍም ሰዎቹ የሚሉትን ጨምሮ ይዟል። የሚያስጠይቀው ዝግጅቱ ራሱ ሳይሆን፣ ዝግጅቱ ተደብቆ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። በዚያው በ1877 በለንደን ቶማስ ባርናርዶ ለሕፃናት መጠለያው ያስነሳቸው የ"በፊት" እና የ"በኋላ" ምስሎች በግልግል ጉባኤ ፊት ቀርበው የተወቀሱት፣ ልጆቹ ከነበሩበት ይልቅ የከፋ ሆነው እንዲታዩ ስለተደረገ ነው። ስለዚህ ምስሉን ማን ከፈለበት፣ ለማንስ ሊያሳየው ነበር የሚለው ጥያቄ ከብዥታው ምርመራ ተለይቶ አይታይም።

ካሜራው የት ነበር?

ከ1880ዎቹ አጋማሽ በኋላ ላሉት ምስሎች ጊዜው አጭር ስለሆነ፣ ሁለተኛውና የሚበልጠው ጥያቄ የካሜራው ቦታ ነው። ለዚህ ቀላል የሆነ ዘዴ አለ። ሜዳ በሆነ መሬት ላይ፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከተያዘ፣ የአድማሱ መስመር የቆሙትን ሰዎች ሁሉ፣ ቅርብም ይሁኑ ሩቅ፣ በካሜራው ከፍታ ልክ ያቋርጣቸዋል። አድማሱ ባይታይም የቅርቡንና የሩቁን ሰዎች ራስ ያነጻጽሩ። ተመሳሳይ ቁመት ያላቸው ሰዎች ራስ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ከሆነ፣ ካሜራው በዓይን ከፍታ፣ ምናልባትም በመቆሚያ ላይ ነበር። የቅርቡ ሰው ራስ ከሩቁ ሰው ራስ ከፍ ካለና የሁሉም ደረት በአንድ መስመር ላይ ከዋለ፣ ካሜራው በደረት ከፍታ ነበር፤ በእጅ ወይም በልብስ ውስጥ ተይዟል።

ይህን ለመለማመድ ካርል ስተርመር በኖርዌይ ዋና ከተማ፣ በካርል ዮሃንስ ጎዳና ያነሳቸውን ምስሎች ያህል የሚረዳ አላውቅም። ስተርመር በኋላ በሒሳብና በሰሜን ብርሃን (በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታይ ብርሃን) ምርምር የታወቀ ሊቅ ሲሆን፣ በ1890ዎቹ ገና ተማሪ ሳለ ከልብሱ ሥር የሚደበቅ ስተርን የተባለ ካሜራ ነበረው። ካሜራው ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ በአንገት የሚንጠለጠል ነው፤ ሌንሱ በኮት ቁልፍ ቀዳዳ በኩል ብቅ ይላል፤ መዝጊያው የሚከፈተው ወደ ኪስ በሚገባ ክር ነው። በአንዲት ክብ መስታወት ላይ ስድስት ክብ ምስሎች ብቻ ይይዛል፤ ስድስቱ ሲያልቁ ወደ ቤት ሄዶ መቀየር ነበረበት። በዚህ መንገድ ወደ 500 የሚሆኑ ምስሎች አነሳ።

ከእነዚህ አንዱን በማጉያ ይመልከቱ። ሰውዬው ከደረት ከፍታ ሆኖ እንደሚታይ ረዘም ብሎ፣ ከኋላው የሰማይ ቁራጭ ሰፍቶ ይታያል፤ እግረኛው መንገድ ወደ ላይ የሚያዘነብል መስሎም ይገኛል፤ ምክንያቱም በልብስ ውስጥ ያለ ካሜራ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ባርኔጣውን እያነሳ ነው፤ ስተርመር ሰላምታ ሰጥቶ መልሱን በሚቀበልበት ቅጽበት ክሩን ይጎትት ነበርና። አሁን ወደ ዓይኑ ይሂዱ። የሚያየው ወደ ሌንሱ ሳይሆን ከሌንሱ ከፍ ብሎ፣ ወደ ስተርመር ፊት ነው። ከሁሉ የምወደው ምልክት ይህ ነው፤ ለካሜራ የተነሳ ሰው ሌንሱን ያያል፤ ለሰው የተነሳ ሰው ግን ፊትን ያያል። ፈገግታውም የተዘጋጀ አይደለም፤ ለምናውቀው ወጣት በመንገድ ላይ የምንሰጠው ዓይነት ነው። በዚያ ዘመን ከስቱዲዮ በወጡ ምስሎች ላይ የምናጣው ይህን ፊት ነው።

በተመሳሳይ ጊዜ በለንደን ፖል ማርቲን ፋሲል የተባለውን፣ በክንድ ሥር እንደ ዕቃ ጥቅል የሚያዝ ካሜራ ይዞ የገበያ ሠራተኞችን፣ በጎዳና የሚጫወቱ ልጆችንና በባሕር ዳር የሚዝናኑ ሰዎችን አንስቷል። በእርሱ ምስሎች ላይ ዓይኖች በአብዛኛው ወደ ጉዳያቸው ናቸው። አንድ ሰው ቢያይ እንኳ የሚያየው አንድ ጥቅል የያዘ መንገደኛን ነው።

የዓይን ምርመራ በተለየ ጥንቃቄ የሚሠራባቸው ምስሎችም አሉ። በ1887 በጀርመን የማግኒዚየም ብልጭታ ዱቄት ከተሠራ በኋላ ጋዜጠኛው ጃኮብ ሪስ በኒውዮርክ የድሆች ማደሪያዎች ውስጥ በሌሊት ገብቶ ማንሳት ቻለ። የእነዚያ ሰዎች ዓይን ፈጥጦ ወይም ተጨፍኖ ብናገኘው የምናየው የኑሯቸውን ፊት ሳይሆን ለብልጭታው የሰጡትን ምላሽ ነው። ሳይዘጋጁ ተነስተዋል፤ ሳይረበሹ ግን አልተነሱም። ሰው በፈቃዱ ሳይሆን መነሳቱ በዚያው ዘመን ሕግ አዋቂዎችንም አሳስቧል፤ ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ በ1890 ስለ ግል ሕይወት መብት ባሳተሙት ጽሑፍ የቅጽበት ፎቶግራፍን በስሙ ጠቅሰዋል። የእነዚህን ሰዎች ምስል ዛሬ የምናሳይ ሁሉ ቢያንስ ያላሉትን እንዳሉ፣ ያልተሰማቸውን እንደተሰማቸው አድርገን መግለጫ ከመጻፍ መቆጠብ ይገባናል።

በራስ ካሜራ መሞከር፣ ማስታወሻም መያዝ

ንባቡን የሚያጠነክረው አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ልምምድ አለ። የመዝጊያውን ፍጥነት በእጅ ለመቀየር የሚያስችል ስልክ ወይም ካሜራ ወስደው በመቆሚያ ላይ ያድርጉ፤ ሰው በሚያልፍበት ቦታ በመጀመሪያ ለአምስት ሰከንድ፣ ቀጥሎ ለግማሽ ሰከንድ፣ ቀጥሎ ለ1/10፣ በመጨረሻም ለ1/50 ሰከንድ ያንሱ። ብርሃኑ ከበዛ አመሻሽ ላይ ይሥሩት። ከዚያም ካሜራውን ደረትዎ ላይ አንጠልጥለው አንድ ፈቃዱን የሰጠ ወዳጅዎን እያነጋገሩ ያንሱት፤ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። እነዚህን ምስሎች ከጥንቶቹ ጎን ሲያስቀምጡ፣ ከላይ በቃል ያስረዳሁትን ሁሉ ዓይንዎ ራሱ ያውቀዋል።

ለሚያነቡት እያንዳንዱ ምስል ማስታወሻ ይጻፉ፤ ያዩትንና የገመቱትን ግን በተለያየ ዓምድ ያስቀምጡ። በካርቶኑ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ከምስሉ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ለእርሱም ሦስተኛ ዓምድ ይስጡት። በዚህ ዓይነት የቡሌቫር ዱ ታምፕልን ምስል ብመዘግበው፣ ባየሁት ዓምድ ውስጥ የሚገባው ይህ ብቻ ነው፦ ባዶ ሰፊ ጎዳና፤ የዛፎች ረድፍ፤ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ የቆመ ሰው፤ ከፊቱ ዝቅ ብሎ የተበተነ ጥቁር ቅርጽ። በገመትኩት ዓምድ ውስጥ ደግሞ፦ ጊዜው ብዙ ደቂቃ፤ ጎዳናው በሰው የተሞላ፤ ሰውዬው ጫማ አስጠራጊ፤ የተበተነው ቅርጽም እጁ ሥራ ስላላቆመ በምስሉ ላይ ሊረጋ ያልቻለው ጫማ ጠራጊ።